ሃምሳ ሎሚ እና ጌጡ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ይህን ተረት ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ሰማሁት። የሚታሰቡት በ2017 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ያረፉት የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ነበሩ። ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም መጥቷል። አንዱ ተናጋሪ ተረቱን ጠቀሰና «ስለዚህ ሸክሙን እንካፈል፤ ልዩነታችንን ትተን አንድ እንሁን» ብሎ ወረደ። በደንብ ተጨበጨበለት። እኔ ግን ለተረቱ አዘንኩለት።

ነገሩ ክብደት ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ድንጋይ አላጡም፣ የጤፍ ጆንያም አላጡም። ሃምሳ ሎሚ እኮ አንዲት እናት ከገበያ በዘምቢል አንጠልጥላ የምትመጣው ነው። ታዲያ ለምን ሎሚ ተባለ?

መልሱ ያለው ጥምቀት ሜዳ ላይ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያደግኩት ወሎ ገጠር ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው በሎሚ ይሞላል። ጎረምሳው ዝም ብሎ አይገዛም። ቆዳው የሳሳ፣ ቢጫው የደመቀ፣ ጭብጥ የሚሞላ ሲያገኝ ነው። ከዚያ በጋቢው ጫፍ እስኪያበራ ይወለውለዋል። በበዓሉ ቀን ያችን አንዲት ሎሚ ለወደዳት ልጅ ይወረውራታል። አያቴም የራሷ ሎሚ ነበራት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛታለች። አቧራውና ግፊያው ሲበዛባት በጥፍሯ ጫር አድርጋ ታሸታታለች። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ሎሚያቸውን ይዘው አብረውን ይወጡ ነበር።

በዚያ ሜዳ ላይ ሎሚ የያዘ ሁሉ ያጌጠ ነው። ሃምሳውን ልያዝ የሚል ሰው ግን አንዱ ይንከባለልበታል፣ እሱን ላንሳ ሲል ሌላው ያመልጠዋል፣ በዓሉም እንዲሁ ያልፍበታል። ተረቱን ያወጣው ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም።

ልብ በሉ፣ ሃምሳው ሰው ሎሚውን ጨምቆ አልቀላቀለም። ሁሉም የየራሱን ይዟል። የወሎ ሰርግም እንደዚያው ነው። ለሙስሊሙ እንግዳ በሙስሊም እጅ ታርዶ ለብቻው ይሰናዳል። ሆታው ግን አንድ ነው።

ፍራንችስኮስን የምወዳቸውም ለዚህ ነው። ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. አቡዳቢ ላይ ከግብጹ የእስልምና ተቋም ከአል አዝሃር ታላቁ ኢማም ከአሕመድ አል ጠይብ ጋር የሰብዓዊ ወንድማማችነት ሰነድ ሲፈርሙ፣ አንዳቸውም እምነታቸውን ደጅ ጥለው አልገቡም። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢራቅ፣ ናጃፍ ድረስ ሄደው የሺዓውን ታላቅ አባት አያቶላ አሊ ሲስታኒን ቤታቸው ጎበኙ። ከሁሉም ልቤን የነካኝ ግን በኢንዶኔዥያ የጃካርታው ነው። እዚያ የኢስቲቅላል መስጊድና የካቶሊኩ ካቴድራል መንገድ ብቻ ነው የሚለያቸው። ከመንገዱ ሥር «የወዳጅነት ዋሻ» የተባለ መተላለፊያ ተሠርቶላቸዋል። ነሐሴ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የ87 ዓመቱ አዛውንት በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው እዚያ ተገኙ። ከኢማሙ ከናሳሩዲን ዑመር ጋር ሲሰነባበቱ ኢማሙ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን ሳሟቸው። እሳቸውም የኢማሙን እጅ ስመው ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። መስጊዱም ካቴድራሉም ዛሬም እንደቆሙ ናቸው።

እኛ ጋ ሐዋሳ ደግሞ ተረቱ የመዋጮ ማስታወቂያ ሆኖ ቀርቷል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከመለጠፉ በፊት ሃምሳ ሎሚ ይጠራል። አንዳንዱማ «ሸክሙ» የሚለው ላይ ያቆመዋል፤ ጌጡን ትቶት ይሄዳል። እባካችሁ፣ ለመዋጮ ከሆነ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለላችሁ። በሃይማኖቶች መድረክ ላይ ሎሚውን የሚጠራ ሰውም ተረቱን እስከ መጨረሻው ይበለው፤ «ልዩነታችንን እንተው» የሚል ነገርም ከኋላው አይቀጥልበት።