ፕሪሪኩዚት እና ኮሪኩዚት
ፕሪሪኩዚት ማለት አንድ ኮርስ ከመውሰዳችሁ በፊት አልፋችሁ መጨረስ ያለባችሁ ኮርስ ነው። ኮሪኩዚት ከሆነ ግን በዚያው ሴሚስተር ጎን ለጎን መውሰድ ይቻላል። እስከዚህ ቀላል ነው።

ጣጣው የሚመጣው ኮርሶቹ ሲያያዙ ነው። የስታቲስቲክስ ኮርሶችን እንውሰድ፦ ብዙ ቦታ ሪግሬሽን የሚባለው ኮርስ ስታቲስቲካል ኢንፈረንስን ይጠይቃል፣ ኢንፈረንስ ደግሞ ፕሮባቢሊቲን። ፕሮባቢሊቲን ወደ ሁለተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ከገፋችሁት፣ ኢንፈረንስ ሦስተኛ ዓመት ይገባል። ሪግሬሽን ከዚያም በኋላ ነው፤ ያውም በዚያ ሴሚስተር ከተሰጠ! ስለዚህ ከምትፈልጉት ኮርስ ተነሱና ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ከኮርሱ ስም ጎን «ይመከራል» ተብሎ የተጻፈውንም አትናቁት። ሊኒየር አልጀብራ ሳትወስዱ ሪግሬሽን ብትመዘገቡ ሬጅስትራሩ ላያግዳችሁ ይችላል። ሪግሬሽን ውስጥ የሚገጥማችሁ የሊኒየር አልጀብራ ማትሪክስ ግን አይምራችሁም።