የካናዳ ፕሮቪንሶች የፖስታ ምህጻረ ቃል፣ እነዛ ሁለት ፊደሎች ከየት መጡ

ካናዳ 10 ፕሮቪንስና 3 ቴሪቶሪ የሚባሉ ክልሎች አሏት፣ ፖስታ ላይ ግን ሙሉ ስማቸውን የሚጽፍ ሰው ብዙም የለም፣ ሁሉም የየራሱ ሁለት የላቲን ፊደል አለው። ኦንታሪዮ «ኦ ኤን»፣ ኬቤክ «ኪው ሲ»፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ «ቢ ሲ»፣ አልበርታ «ኤ ቢ» እያለ ይቀጥላል። ካናዳ ፖስት የሚፈልገው አጻጻፍ መጀመሪያ የከተማው ስም፣ ከዛ ሁለቱ ፊደል በካፒታል ያለ ምንም ነጥብ፣ ከዛ ሁለት ስፔስ ተዘሎ ፖስታል ኮዱ (ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የአካባቢ መለያ) ነው።

ፊደሎቹ ዝም ብሎ የተመረጡ ሊመስሉ ይችላሉ፣ ግን ጎረቤት አሜሪካ ከ1963 ጀምሮ ለስቴቶቿ ሁለት ሁለት ፊደል ሰጥታ ስለነበር ከዛ ጋር መጋጨት የለባቸውም። ማኒቶባን ውሰዱ። ከስሙ ውስጥ እየለቀማችሁ ኤም ላይ ብትቀጥሉ «ኤም ኤ» የማሳቹሴትስ ነው፣ «ኤም ኤን» የሚኒሶታ፣ «ኤም አይ» የሚሺጋን፣ «ኤም ቲ» የሞንታና፣ «ኤም ኦ» የሚዙሪ፣ የተረፈችው ቢ ብቻ ናት፣ ይኸው «ኤም ቢ»። ደግሞ ሁሌ የለቀቀችው ካናዳ አይደለችም፣ ነብራስካ መጀመሪያ «ኤን ቢ» ነበር የተሰጠው፣ ከኒው ብሩንስዊክ ጋር ስለሚምታታ በካናዳ ፖስታ ጥያቄ በ1969 ወደ «ኤን ኢ» ተቀየረ። ስለዚህ ዛሬ የሁለቱ አገር ዝርዝር አንድም ቦታ አይጋጭም፣ ኦንላይን ዕቃ ስታዙ ስቴትና ፕሮቪንስ በአንድ ሜኑ ተደባልቀው የሚመጡትም ችግር ስለሌለው ነው።

ችግር ያለው «ሲ ኤ» ላይ ነው። ካናዳ ለማለት «ሲ ኤ» የሚጽፉ አሉ፣ ፖስታ ላይ ግን ያ ካሊፎርኒያ ነው፣ ይባስ ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦንታሪዮ የሚባል ከተማ አለ! ከውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ መጨረሻው መስመር ላይ ካናዳ ብሎ በሙሉ መጻፍ ነው የሚያዋጣው።

ባለ ሁለት ፊደል ኮዶቹ የማይነኩም አይደሉም፣ ፖለቲካውና የስም ለውጡ እየተከተለ ይቀይራቸዋል። ኬቤክ ድሮ «ፒ ኪው» ነበር፣ ፕሮቪንስ ደ ኬቤክ ለማለት፣ ፓርቲ ኬቤኳ የሚባለው የፖለቲካ ፓርቲ ምህጻረ ቃልም ያው ሁለት ፊደል ነው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ኪው ሲ» ሆነ፣ አሁንም ግን በድሮው የሚጽፍ ሽማግሌ አይጠፋም። ኒውፋውንድላንድ በ2001 ላብራዶርን ስሙ ውስጥ በይፋ ከጨመረ በኋላ በ2002 «ኤን ኤፍ» ቀርቶ «ኤን ኤል» መጣ። ኑናቩት ደግሞ ኤፕሪል 1 ቀን 1999 ከኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ተገንጥሎ የራሱ ቴሪቶሪ ሲሆን የራሱን «ኤን ዩ» ወዲያው አላገኘም፣ ለጊዜው በድሮው «ኤን ቲ» ነበር ደብዳቤ የሚደርሰው።

ኮዱ ለእንግሊዝኛም ለፈረንሳይኛም አንድ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በፈረንሳይኛ ኮሎምቢ ብሪታኒክ ስለሚባል በጽሑፍ ላይ ፊደሉን ገልብጠው «ሲ ቢ» ብለው ያሳጥሩታል፣ አድራሻ ላይ ሲሆን ግን ያው «ቢ ሲ» ነው። ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ተመችቶታል፣ «ፒ ኢ» በሁለቱም ቋንቋ ያስኬዳል።

ፖስታል ኮዱ ካለ ፕሮቪንሱ ለምን ይጻፋል የሚል ይኖራል፣ እውነትም አብዛኛውን ጊዜ የኮዱ የመጀመሪያ ፊደል ቦታውን ይናገራል፣ ኤም ቶሮንቶ ነው፣ ኤች ሞንትሪያል፣ ቪ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ። ግን ኤክስ የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስና የኑናቩት የጋራ ነው፣ ፊደሉን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። ኬ ደግሞ የምስራቅ ኦንታሪዮ ሆኖ ሳለ «ኬ 1 ኤ» ለፌደራል መንግስት ቢሮዎች የተያዘ ስለሆነ ከኦታዋ ወንዝ ማዶ ኬቤክ ውስጥ ጋቲኖ ከተማ ያለ የፌደራል መስሪያ ቤት አድራሻው «ኪው ሲ» ብሎ ኮዱ በኬ ይጀምራል።