የሥጋ ዶሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ ጓሮዎች፦ የመንጋው ጠባይና አያያዙ

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ፣ ወደ ታችም እስከ ገላንና ዱከም፣ ግቢ ያለው ቤተሰብ ጓሮውን ዝም ብሎ አያስቀምጥም። ጥግ ላይ ጎመን ይኖራል። አጥሩ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በቆርቆሮና በወንፊት ሽቦ የተሠራች የዶሮ ቤት ትታያለች። ድሮ እዚያ የሚያድሩት ሦስት አራት የአበሻ ዶሮዎች ነበሩ። አሁን ግን 30፣ 50፣ አንዳንዴም 100 የሥጋ ዶሮ በአንዴ የሚያሳድግ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም።

ይህ ሥራ በዋናነት የዓይን ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። መኖም ክትባትም የግድ ናቸው። ነገር ግን ዶሮ ታማ ከመውደቋ በፊት ጠባይዋ ይለወጣል። ያንን ቀድሞ ያየ ሰው መንጋውን ያተርፋል።

የትኛው ዶሮ?

ገበያ ላይ የሥጋ ዶሮ ሲባል ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ይጠራሉ። አንደኛው ነጩ ብሮይለር ነው። ኮብ 500 እና ሮስ 308 በዓለም ዙሪያ የታወቁት ዝርያዎች ናቸው። ከ6 እስከ 7 ሳምንት ውስጥ ለዕርድ ይደርሳሉ። ሁለተኛው ሳሶ ነው። ላባው ቀላ ያለ፣ እግሩ ጠንካራ፣ ጓሮ ለቀውት የሚጭር ዶሮ ነው። እድገቱ ዘገም ስለሚል ደህና ሥጋ እስኪይዝ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል። የአበሻ ዶሮ ግን ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስድባታል።

ልዩነቱ ድስት ውስጥ ይታያል። ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት ይንተከተካል። 12ቱ ብልት ቅርጹን ይዞ መቅረብ አለበት። የብሮይለር ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ ብሮይለር ወደ ሆቴል፣ ወደ ጥብስና ወደ አሮስቶ ይሄዳል። ለበዓል ወጥ የሚፈለገው ሳሶና የአበሻ አውራ ዶሮ ነው።

ጫጩቶቹ በብዛት የሚመጡት ከቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም፣ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምም እዚያው ናቸው። ብሮይለር የሚገዛው የአንድ ቀን ጫጩት ሆኖ፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ነው። ሳሶ ግን “የ45 ቀን” ተብሎም ይሸጣል። ያንን የሚገዛ ሰው ከባዱን ጊዜ ሌላ አርቢ አሳልፎለታል ማለት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ሆዱ ውስጥ የቀረው አስኳል ለ2 ወይም ለ3 ቀን ስለሚይዘው መንገዱን ይችላል። የማይችለው ብርዱን ነው።

ጫጩቶቹን ማንበብ

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ያለበት ቦታ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሞቅ አለበት። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ቴርሞሜትር ካለ ጥሩ ነው። ከሱ የበለጠ የሚናገረው ግን የጫጩቶቹ አቀማመጥ ነው። አምፖሉ ሥር ተፋፍገው እየጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተሰበሰቡ በሌላው ወገን ንፋስ ይገባል። ቀዳዳውን በእጅ እየዳሰሱ ፈልጎ መድፈን ነው። ምቾት ያለው መንጋ እዚህም እዚያም ተበትኖ፣ ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ይተኛል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው።

ሌላም ምርመራ አለ። ጫጩቶቹ በገቡ በማግስቱ ጥቂቶቹን አንስቶ አንገታቸው ሥር ያለችውን የመኖ ከረጢት በጣት መዳበስ ነው። ሞልታ ለስለስ ካለች በልቷል፣ ጠጥቷል። ሞልታ ጠጣር ከሆነች ውሃ አላገኘም። ባዶ ከሆነች መኖውን አላወቀውም። እንዲህ ያለውን ጫጩት አፉን ውሃ አስነክቶ መኖው አጠገብ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መኖውን ጋዜጣ ወይም ካርቶን ላይ በተን አድርጎ መስጠትም ጥሩ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይምጣ? መብራት ባለበት በአምፖል ነው። መብራት በማይታመንበት ሰፈር ከሰል ይጠቀማሉ። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ጫጩቱንም ሊያይ የገባውን ሰውም ይገድላል። የአየር መውጫ ከላይ ሳይተዉ ከሰል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። መብራት የማይፈልገው ሌላው ዘዴ በጭድ ወይም በደረቅ ሣር የተከበበ ሳጥን ነው። ጫጩቶቹ በራሳቸው የሰውነት ሙቀት ያድሩበታል። በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች ሃይቦክስ ይሉታል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

አሁን ስለ ጨለማ። ጫጩት ድንገት ሲጨልምበት ይደነግጣል፤ ወደ ጥግ ሮጦም ይደራረባል። አንድ ጊዜ እኛ ቤት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጠዋት አንዱ ጥግ ላይ 11 ጫጩት ሞቶ አገኘን። ብርዱ አይደለም የገደላቸው፤ ከሥር የነበሩት ታፍነው ነው። ያኔ ቤቱ አራት ማዕዘን ነበር። ከዚያ በኋላ ጥጎቹን በካርቶን ዙሪያውን ክብ አደረግናቸው። ሌላው መፍትሔ ጨለማን ማስለመድ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ ማታ ማታ መብራቱን ለአጭር ጊዜ ማጥፋት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማርዘም። ጨለማን የለመደ መንጋ መብራት ሲሄድ ባለበት ይተኛል። እንቅልፍ ያገኘ ዶሮ እግሩም ይጠነክራል።

ማን ማንን ይነቁራል?

ዶሮ ዝም ብላ ከጎረቤቷ ጋር አትኖርም። በመንጋው ውስጥ ተራ አለ። ከላይ ያለችው ሁሉን ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ከአንዷ በቀር ሁሉን፣ እያለ እስከ መጨረሻዋ ይወርዳል። ይህንን መጀመሪያ በጥናት የገለጸው ቶርሌፍ ሼልድሩፕ-ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921። ዶሮዎችን መመልከት የጀመረው ገና በልጅነቱ ነበር። እናቶቻችን ይህን ስም ሳያውቁም “ያቺ ቀይዋ ሌሎቹን አታስበላም” ብለው ለደካማዋ ለብቻዋ ጥሬ ይበትኑላት ነበር።

ተራው የሚጸናው በግምት ከ6 እስከ 10 ሳምንት ዕድሜ ውስጥ ነው። ብሮይለር ያኔ ወደ ገበያ እየሄደ ስለሆነ ጠቡ ብዙም አይታይበትም። ቀኑን አብዛኛውን ተኝቶ ያሳልፋል። “ዶሮ ብታልም ጥሬዋን” የተባለው ለሱ ይመስላል። ሳሶ ግን 3 ወር ስለሚቆይ ተራውን ይዋጋበታል፤ በተለይ አውራዎቹ። ስለዚህ ሳሶ የሚያሳድግ ሰው ጥቂት ነገር ማወቅ አለበት።

መንጋ ላይ አዲስ ዶሮ አለመጨመር ይሻላል። አንድ ዶሮ በተጨመረ ቁጥር ተራው ከሥር ፈርሶ እንደ አዲስ ይጀመራል። በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማስገባት፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት የሚመከረው ለዚህ ነው። መጨመር የግድ ከሆነ ለጥቂት ቀን በሽቦ ለይቶ ማስተያየት፣ ከዚያ ማታ በጨለማ መቀላቀል። መመገቢያና መጠጫውንም በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንድ መመገቢያ ብቻ ካለ ጉልበተኛዋ ትቆምበታለች፤ ደካማዋም እያየን ትከሳለች።

ተራ ለመያዝ መናቆር ጤናማ ነው። ላባ መንቀልና ሥጋ መብላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የኛ ጥፋት ነው፦ መጨናነቅ፣ የበዛ ብርሃን፣ ፕሮቲን ወይም ጨው ያነሰው መኖ፣ ሥራ ማጣት። ደም የታየበትን ዶሮ ሌሎቹ አይለቁትም። ወዲያው ለይቶ፣ ቁስሉን ጂቪ በሚባለው ሐምራዊ መድኃኒት መቀባት ነው። ቀዩን ቀለም ስለሚሸፍነው ያስተዋቸዋል። ለቀሩት ደግሞ ጎመን በገመድ አንጠልጥሎ መተው ነው፤ እሱን ሲዘሉበት ይውላሉ። ለቦታው በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 በላይ የደረሰ ብሮይለር አለማስገባት፤ ለሳሶ ከዚያም ማነስ አለበት።

ከፍታውና ብርዱ

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ሳሶን ነው፤ ምክንያቱም ከፍታው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ። በዚህ ከፍታ ላይ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ብሮይለር ሥጋው ከልቡና ከሳንባው ቀድሞ ያድጋል። ልቡ በጣም ይደክማል፣ ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ዶሮው ሆዱ ይነፋል፣ ኩክኒው ይጠቁራል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ከመንጋው ተለይቶ ይቀመጣል። እዚህ ከደረሰ መዳኑ ከባድ ነው።

መከላከል ግን ይቻላል። በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት መኖውን በቀን ለጥቂት ሰዓት በማንሳት እድገቱን ማዘግየት ነው። ዶሮው ገበያ ላይ ጥቂት ቀን ይዘገያል፤ ግን በሕይወት ይደርሳል። ብርድም ልቡን ስለሚያደክም ከኅዳር እስከ ጥር፣ ውርጭ በሚመጣበት ጊዜ፣ የዶሮ ቤቱ ከታች፣ ዶሮዎቹ በሚቀመጡበት ከፍታ፣ ንፋስ እንዳይገባው መሸፈን አለበት። ከላይ ግን ክፍት ይሁን። ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ ዙሪያውን በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ያኔ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ ይታመቃል። ገብተው ዓይንዎን ካቃጠለዎት እነሱን ቀኑን ሙሉ እያቃጠላቸው ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ሰጋቱራ ማገላበጥ፣ በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን አውጥቶ በደረቅ መተካት ይገባል። ርጥበት ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታም ይጠራል። ምልክቱ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ነው።

ክትባት፣ መኖ፣ ገበያ

ፈንግል መንጋን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ክትባቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀመራል፣ በኋላም ይደገማል። በመካከሉ ጉምቦሮ የሚባለው የጫጩት በሽታ ክትባት አለ። ቀኖቹን ጫጩቱን የሸጠው ድርጅት ወይም የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይወስናል። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ስለሚገድለው፣ ክሎሪን የሌለው ውሃ መጠቀም ወይም ስብ የወጣለት የዱቄት ወተት ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል።

ከወጪው ትልቁ መኖ ነው። አንድ ብሮይለር በ6 ሳምንት 4 ኪሎ ያህል ይበላል። 50 ዶሮ ማለት 2 ኩንታል ነው። በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር አደባልቆ ቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ግን ስታርተር የሚባለውን የጫጩት መኖ መግዛት ይሻላል።

ጊዜውን የሚወስነው ጾሙ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን የሥጋ ገበያ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት የገባ የብሮይለር ጫጩት ልክ ለፋሲካ ይደርሳል። ለሳሶ ከጥምቀት በፊት ማሰብ ያስፈልጋል።

ዶሮ ለማውጣት ማታ ይሻላል፤ በጨለማ አይረበሹም፣ ክንፍ አይሰበርም። ከዕርድ በፊት ለ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል መኖ ይነሳል፤ ውሃው ግን አይነሳም። በሰፈሩ ወንድ የሌለበት ቤት እናት ወደ ጎረቤት ወጣ ብላ “ጋሼ፣ ዶሮዋን ይባርኩልን?” ትላለች። እሳቸውም በስመ አብ ብለው ይባርካሉ፤ ሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ለራሱ ቤት ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል።

መንጋው ሲወጣ ሰጋቱራው ከነኩሱ ተጠርጎ ይከመራል፣ ይብላላል፣ ከወራት በኋላ ጎመኑ ሥር ይገባል። ቤቱ ታጥቦ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ባዶውን ይቆያል። በዚያ ጊዜ ሽቦውን መፈተሽ ነው። ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፤ አንድ ሌሊት ከገባ ደግሞ የሚበላው አንድ፣ የሚገድለው ብዙ ነው።