የድሬዳዋን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስናወዳድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምዝገባ ሲቃረብ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ ወላጆች የሚጠያየቁት የትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት እንደሚሻል ነው። በመልሱ ውስጥ የሚመላለሱት አመለካከቶች ግን ብዙዎቹ አሳሳች ናቸው።

«በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከፍተኛ መቶኛ ያሳለፈው ይበልጣል።» ከሁሉም የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መቶኛው የሚሰላው ለፈተና ከተቀመጡት እንጂ ትምህርት ከጀመሩት አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ላይ 100 ተማሪዎች መዝግቦ 60ዎቹ ብቻ ለፈተና ቢደርሱና 54ቱ ቢያልፉ ውጤቱ 90 በመቶ ይባላል። ሌላው ከመዘገባቸው 120 ተማሪዎች 110ሩን ለፈተና አድርሶ 88ቱ ቢያልፉ 80 በመቶ ይባላል። ከተመዘገቡት አንጻር ሲታይ ግን የመጀመሪያው 54፣ ሁለተኛው 73 በመቶ ገደማ ነው ያሳለፈው። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር እየተባለ የሚለጠፈውን ሠንጠረዥ ያየ ሰው ዓይኑ ቀድሞ «ያለፉ» የሚለው ላይ ያርፋል፤ መጠየቅ ያለበት ግን ስላቋረጡትና ስለደገሙት ነው።

«ደረጃ 3 ያገኘ ትምህርት ቤት በማስተማርም ይበልጣል።» የኢንስፔክሽን ደረጃ፣ ማለትም ተቆጣጣሪዎች ትምህርት ቤቱን ገምግመው ከ1 እስከ 4 የሚሰጡት ደረጃ፣ ግብዓትን፣ የመማር ማስተማር ሂደትንና ውጤትን አንድ ላይ ደምሮ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ እኩል ደረጃ ያላቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱና በመጸዳጃ ቤቱ፣ ሌላው በመምህራኑ ትጋት ነጥቡን ሰብስቦ ሊሆን ይችላል። ከድምሩ ይልቅ የሂደቱን ነጥብ ለይቶ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ግምገማው መቼ እንደተካሄደም እንዲሁ።

«የተማሪ መምህር ጥምርታ የክፍሉን ብዛት ያሳያል።» አያሳይም። በየትምህርት ዓይነቱ የተለያየ መምህር በሚገባባቸው ክፍሎች የመምህራኑ ቁጥር ከክፍሎቹ ስለሚበልጥ፣ ጥምርታው 1 ለ 35 ተብሎ እያለ አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ ሊገኝ ይችላል። የሚያስፈልገው የተማሪ ክፍል ጥምርታ ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነም፣ የከሰዓቱ ፈረቃ በድሬዳዋ ሙቀት ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው መንገር አያሻም።

«በአማርኛ የሚያስተምረው ለልጁ ወደፊት ይበጀዋል።» በከተማችን አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ናቸው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገው በአንድ በኩል ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ትምህርቱ ስለሚቀለው ነው። ቤቱ ሶማሊኛ የሚያወራን ሕፃን አማርኛ ክፍል ማስገባት ንባብንና አዲስ ቋንቋን ባንድ ጊዜ ማሸከም ይሆናል። የንባብ ፍጥነትንም በሦስቱ ቋንቋዎች ማነጻጸር አይቻልም፤ አማርኛ በፊደል፣ ሁለቱ በላቲን ስለሚጻፉና የቃላታቸውም ርዝመት ስለሚለያይ፣ በደቂቃ የሚነበበው የቃል ብዛት እኩል ሚዛን አይሆንም። እዚያው ቋንቋ ውስጥ ለማወዳደር ከፈለጉ፣ የ2ኛ ክፍል ልጅ መምህሩ ገና ያላስተማሩትን ገጽ ብቻውን ሲያነብ ይስሙት፤ የለመደውን ገጽማ በቃሉ ይወጣዋል።

«ከዚራ ያለው ይሻላል» የሚለው ስህተት መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ሰፈሩ ጥላ ስላለው ትምህርቱ የተሻለ አይሆንም፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ተመላልሶ የሚማር የ1ኛ ክፍል ልጅም የጠዋት ፈረቃ ሲለቀቅ ያን መንገድ የሚመለሰው ፀሐይዋ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ነው።