ዕድሜ ሲጠየቅ ማንነት አይሰጥም

በሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከከፈትሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ወላጆች ደጋግመው የሚያመጡልኝ ጉዳይ አንድ ነው፦ ልጃቸው የሚጠቀምበት አፕ ወይም ድረ ገጽ ዕድሜ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ እነሱም የራሳቸውን መታወቂያ ፎቶ አንሥተው ይልካሉ። ለምን እንደላኩ ስጠይቃቸው «ታዲያ ዕድሜያችንን በሌላ በምን ያውቀዋል?» ይሉኛል። ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል፤ ሰዎችን ሲጎዳም አይቻለሁ። ደጋግሜ የምሰማቸውን እንዲህ ያሉ አባባሎች ከዚህ በታች አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

«ዕድሜን ለማወቅ የግድ ማንነትን ማወቅ ያስፈልጋል»

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ድረ ገጹ ማወቅ ያለበት ሰውየው 18 ዓመት ሞልቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነው። መታወቂያው ግን ለዚህ ለአንድ ጥያቄ ሲባል ስምን እስከ አያት፣ ፎቶን፣ የትውልድ ቀንን፣ አድራሻንና መለያ ቁጥርን ጭኖ ይሄዳል። በስታዲየም በር የቆመው ተቆጣጣሪ ቲኬታችሁን አይቶ ያስገባችኋል እንጂ የማን ልጅ እንደሆናችሁ አይጠይቅም፤ መክፈላችሁን ቲኬቱ መስክሯልና።

በኢንተርኔትም እንዲህ ያለ ቲኬት መሥራት እንደሚቻል ከታወቀ አርባ ዓመት አልፎታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበውን ዘዴ ካርቦን ያለው ደረሰኝ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ጽፋችሁ ከካርቦን ጋር በፖስታ ታሽጉታላችሁ። ዕድሜያችሁን የሚያውቀው ተቋም መታወቂያችሁን አይቶ፣ ፖስታውን ሳይከፍት፣ ከላይ ይፈርምበታል፤ ፊርማው በካርቦኑ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። በኋላ ፖስታውን ቀዳችሁ ወረቀቱን ለድረ ገጹ ብታሳዩ፣ ድረ ገጹ ዕድሜያችሁ መሙላቱን ከፊርማው ያረጋግጣል፤ ስማችሁን ግን አያውቅም። ፈራሚውም ቁጥሩን ስላላየው ወረቀቱ የት እንደቀረበ መከታተል አይችልም። በኮምፒውተር ላይ የፖስታውንና የካርቦኑን ሥራ ሒሳብ ይሠራዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2022፣ አረጋጋጩ ድረ ገጹን፣ ድረ ገጹም ተጠቃሚውን የማያውቁበት ሥርዓት ሊሠራ እንደሚችል በናሙና አሳይቷል። የአውሮፓ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2025፣ ሰው 18 ዓመት መሙላቱን ብቻ የሚመሰክር አፕ ንድፍ አውጥቷል። በእኛም አገር ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ለቀረበለት መረጃ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል ማረጋገጫ የመስጠት አቅም አለው። ይህ የመታወቂያ ፎቶ ከመላክ እጅግ ይሻላል፤ ይሁንና አረጋጋጩ የትኛው ድርጅት ስለ ማን እንደጠየቀ ስለሚያውቅ ከካርቦኑ ፖስታ ጋር እኩል አይደለም።

«ካዩት በኋላ ያጠፉታል»

ዲስኮርድ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ አፕ በኦክቶበር 2025 የ70,000 ያህል ተጠቃሚዎቹ የመታወቂያ ፎቶዎች ተጋልጠው ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል፤ የሾለኩት የደንበኞች አገልግሎት በሚሰጥለት ሌላ ድርጅት በኩል ሲሆን፣ ብዙዎቹ የተላኩት ለዕድሜ ማረጋገጫ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በጁላይ፣ ቲ ከተባለው አፕ 13,000 ያህል ሰልፊዎችና የመታወቂያ ፎቶዎች ወጥተዋል። አንዲት ደንበኛዬም የልጇን አካውንት ለማስከፈት መታወቂያዋን ከላከች ከሦስት ወር በኋላ፣ በእሷ ስምና ፎቶ በተከፈተ የቴሌግራም አካውንት ዘመዶቿ ገንዘብ ሲጠየቁ ደርሳበታለች። ፎቶው ከየት እንደወጣ ማረጋገጥ አልቻልንም። ያልተሰበሰበ መረጃ ግን ሊሾልክ አይችልም።

«ሰልፊ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም»

የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) እ.ኤ.አ. በ2024 ዕድሜን ከፊት የሚገምቱ ስድስት ሶፍትዌሮችን ፈትሾ፣ በሴቶች ፊት ላይ ስሕተታቸው በአብዛኛው ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ግምት በሁለት ዓመት ብቻ ቢሳሳት እንኳ የ16 ዓመቱን ልጅ ከ18 ዓመቱ አይለየውም።

«ልጄ ዕድሜውን ዋሽቶ ነው የገባው»

ሁልጊዜ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ገና 12 ዓመቱ ነው። የትውልድ ዓመቱን በቅንነት «2006» ብሎ ቢሞላ፣ አፑ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚያሰላው ወደ 20 ዓመት የተጠጋ ወጣት ያደርገዋል። የልጆቻችሁን አካውንት ዛሬውኑ ከፍታችሁ የተመዘገበውን ዓመት እዩ፤ እኔ ከፍቼ ካየኋቸው ብዙዎቹ እንዲህ የተሳሳቱ ናቸው።

«ድረ ገጹ ካልጠየቀ ልጁን የሚጠብቀው የለም»

የሚጠብቀው ስልኩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ወላጅ የልጁን ዕድሜ አንድ ጊዜ በስልኩ ላይ ካስተካከለ፣ በአንድሮይድ ፋሚሊ ሊንክ፣ በአይፎን ደግሞ ስክሪን ታይም አፕ ማውረድንና የአጠቃቀም ሰዓትን ይቆጣጠሩለታል። አይኦኤስ 26 በተባለው የአይፎን ሥርዓት ወላጅ ከፈቀደ፣ አፑ የትውልድ ቀን ሳይነገረው ልጁ ያለበትን የዕድሜ ክልል ብቻ ያውቃል። ዋይፋይ በቤታችሁ ካለ፣ በራውተሩ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ማስተካከያ ላይ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 አስገቡ፤ ይህ ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት ነጻ አገልግሎት ነው፤ የአዋቂዎችን ድረ ገጾች ማንንም መታወቂያ ሳይጠይቅ ይዘጋል። ሁለት ነገር ግን አይሠራም፦ ልጁ የሞባይል ዳታ ሲከፍት በራውተሩ በኩል አያልፍም፤ በቴሌግራም ውስጥ ያሉ ቻናሎችንም አይለይም። ስለዚህ የቴሌግራሙን ጉዳይ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩበት።

«መታወቂያ ከተጠየቅን እምቢ ማለት አንችልም»

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚሰበሰበው መረጃ ለተፈለገበት ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን እንዲወሰን ይጠይቃል። ስለዚህ ሌላ አማራጭ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የግድ ሆኖ ከላካችሁ፣ የመታወቂያውን ቅጂ ወስዳችሁ መለያ ቁጥሩንና አድራሻውን በወረቀት ሸፍኑ፤ በቅጂው ላይ የድረ ገጹን ስም፣ ቀኑንና «ለዕድሜ ማረጋገጫ ብቻ» የሚለውን ጻፉበት፤ ፎቶውን ከዚያ በኋላ አንሡ። በስልካችሁ የሚደርሳችሁን የፋይዳ ማረጋገጫ ኮድ ደግሞ ለማንም አትስጡ።