ጆሮ የሚያደክመው ሿሿታ፦ ስለ አማተር ሬዲዮ ሄድፎን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አማተር ሬዲዮን፣ ማለትም ሰዎች ለንግድ ሳይሆን በፍላጎት እርስ በርስ የሚገናኙበትን ሬዲዮ፣ በሄድፎን የሚያዳምጥ ሰው ይህን ድምፅ በደንብ ያውቀዋል። ከንግግሩ ጀርባ የማያቋርጥ፣ ቀጭን፣ ሽሽሽ የሚል ሿሿታ አለ። ለአምስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ጆሮ ይዝላል፣ ራስ ይከብዳል። ከሩቅ የሚመጣው ደካማ ጣቢያም እዚያ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ይህን ለማጥፋት ገንዘብ የሚያወጣው በተሳሳተ ቦታ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው። መጀመሪያ ግን ረብሻው የት እንደሚፈጠር ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሿሿታው ከአየር ነው የሚመጣው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም»

ከፊሉ አዎ፣ ከአየር ነው። ሁሉም ግን አይደለም። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም።

አንቴናውን ንቀሉት። በ40 ወይም በ80 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት ይህን ያህል በሆነበት ክልል) ላይ ከሆናችሁ ረብሻው ወዲያው በጣም መቀነስ አለበት። በእነዚህ ባንዶች ላይ ከመብረቅ እና ከሰፈሩ ኤሌክትሪክ የሚመጣው ረብሻ ሬዲዮው ራሱ ከሚፈጥረው እጅግ ይበልጣልና። አንቴናው ተነቅሎም ብዙም ለውጥ ካልሰማችሁ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ሬዲዮው ውስጥ።

ቀጥሎ ቮልዩሙን እስከ ዜሮ ዝቅ አድርጉት። አሁንም ሽሽሽ የሚል ነገር ከቀረ፣ የሚፈጠረው ከቮልዩሙ በኋላ ባለው የድምፅ አምፕሊፋየር ውስጥ ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም አንቴና አያስተካክለውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሬዲዮው ጣቢያን ከጣቢያ የሚለይበት ዋናው ፊልተር በኤስ ኤስ ቢ (አማተሮች ንግግር በጠባብ ክልል በሚልኩበት ስልት) ብዙ ጊዜ 2.4 ወይም 2.7 ኪሎ ሄርዝ ያህል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከአንቴና የገባው ረብሻም በዚያው ልክ ይጠብባል። ከፊልተሩ በኋላ ያሉት የድምፅ ክፍሎች ግን የራሳቸውን ረብሻ ይጨምራሉ። እሱን የሚያጣራው የለም፤ ጆሮ እስከሚሰማው ጫፍ ድረስ ይዘረጋል። ተገዝተው በእጅ በሚገጣጠሙ ብዙ ኪቶች ውስጥ የምትገኘውን የኤል ኤም 386 አምፕሊፋየር ቺፕ ውሰዱ። ጌይኗ፣ ማለትም የምታጎላበት መጠን፣ ከ20 እስከ 200 እጥፍ ይስተካከላል። 200 ላይ ስትደረግ በድምፅ ማጉያ ብዙም የማይሰማው ሿሿታዋ በሄድፎን ቁልጭ ብሎ ይሰማል።

«ውድ ሄድፎን ብገዛ ይጠፋል»

እንዲያውም ሊባባስ ይችላል። ለሙዚቃ የተሠራ ጥሩ ሄድፎን እስከ 20 ኪሎ ሄርዝ ያለውን ሁሉ በታማኝነት ያሰማል። የሬዲዮው ንግግር ግን 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ አብቅቷል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ንጹሕ ሿሿታ ነው፤ ውዱ ሄድፎን እሱን አሳምሮ ያቀርብላችኋል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ደግሞ በጥቂት ኃይል ብዙ ድምፅ ስለሚሰጡ የአምፕሊፋየሩን ረብሻ ይበልጥ ያጋልጣሉ። ለመገናኛ የተሠሩና ቀጭኑን ድምፅ የማያጎሉ ሄድፎኖች ለዚህ ሥራ ይሻላሉ።

«ቀጭኑን ድምፅ ከቆረጥኩ ንግግሩ ይደበዝዛል»

ይህ ስጋት ለሙዚቃ እውነት ነው። ለፊት ለፊት ንግግርም እውነት ነው፤ የ«ስ» እና የ«ሽ» ጉልበት ያለው ከፍ ባለው ክልል ነውና። በኤስ ኤስ ቢ ግን ያንን ክፍል የላኪው ሬዲዮ ራሱ አስቀርቶታል። ያልተላከ ነገር አይቆረጥም። መደበኛው የስልክ መስመር እንኳ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ብቻ እያሳለፈ ሰው ተግባብቶበታል።

ኦፕሬተሮች የጣቢያቸውን የጥሪ ስም በፊደል መጥሪያ ቃላት የሚናገሩትም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ጠባብ ክልል «ኤፍ» እና «ኤስ» ይምታታሉ። የአዲስ አበባው የክለብ ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ «ኤኮ ታንጎ 3 አልፋ አልፋ» ብሎ ቢጠራ ማንም አይሳሳትም።

ስለዚህ ከ3 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን ያለ ፍርሃት ቁረጡት። ለሞርስ ከሆነ ከዚያም በላይ ማጥበብ ይቻላል። ከ2700 ወደ 500 ሄርዝ ማጥበብ ረብሻውን 7 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል።

«አንድ ካፓሲተር በሄድፎኑ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው ሞክሮ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ነውና።

ሰው ፊልተሩ ከየትኛው ድግግሞሽ በላይ እንደሚቆርጥ የሚያሰላውን ቀመር ያወጣል፦ አንድ ለ ሁለት ፓይ ጊዜ ሬዚስተር ጊዜ ካፓሲተር። 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ ከእሱ በኋላ 0.47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ መሬት (ወደ ሄድፎኑ የጋራ ሽቦ)። ስሌቱ 3.4 ኪሎ ሄርዝ ይላል። በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ሄድፎኑ ሲሰካ ግን ንግግሩም ሿሿታውም እኩል ከመውረዳቸው በቀር ምንም ለውጥ የለም!

የተረሳው ራሱ ሄድፎኑ ነው። 32 ኦም ሄድፎን ከካፓሲተሩ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ስለዚህ ካፓሲተሩ የሚያየው 100 ኦምን ብቻ አይደለም፤ 100 እና 32 ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚሰጡትን 24 ኦም ነው። በዚህ ሲሰላ መቁረጫው ወደ 14 ኪሎ ሄርዝ ይወጣል። ሿሿታው ሙሉ በሙሉ ያልፋል ማለት ነው። 3 ኪሎ ሄርዝ ላይ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው 2.2 ማይክሮፋራድ ነው።

ሬዚስተሩ ድምፁን 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ያደርጋል። ይህ እንደ ጉዳት ይታያል፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥቅም እሱ ነው። ከቮልዩሙ በኋላ የሚፈጠረው ሿሿታ ቮልዩም ሲጨመር አይጨምርም። ሬዚስተሩ ንግግሩንም ሿሿታውንም በ12 ዴሲቤል ያወርዳቸዋል፤ ቮልዩሙን ስትጨምሩ ንግግሩ ብቻ ይመለሳል። ሿሿታው ባለበት ይቀራል። ድምፅ ማጉያ ለማንቀሳቀስ የተሠራ አምፕሊፋየር ለሄድፎን የተረፈ ኃይል ስላለው ይህን ያለ ችግር ይችለዋል።

አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር የሚቆርጡት ግን በዝግታ ነው። ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ብቻ። ፈጠን ያለ የሚፈልግ በሬዚስተሩ ቦታ ኮይል ያድርግ። ለ32 ኦም ሄድፎን 2.2 ሚሊሄንሪ ኮይል በተከታታይ፣ 1 ማይክሮፋራድ ወደ መሬት። መቁረጫው 3.4 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ይሆናል፣ ቁልቁለቱም 12 ዴሲቤል። ለእያንዳንዱ ጆሮ ለየብቻ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ሬዲዮ ግን በሄድፎን ሶኬቱ ውስጥ የራሱ ሬዚስተር አለው፤ ያኔ ቁጥሮቹ ይዛባሉ።

ሁለት ጥንቃቄ። ካፓሲተሩን በፊቱ ሬዚስተር ወይም ኮይል ሳታደርጉ በቀጥታ በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ አታድርጉ፤ አንዳንድ ቺፕ ራሱ መጮህ ይጀምራል። ደግሞም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ያለውን ኤሌክትሮላይቲክ ተዉት፤ የፊልም ካፓሲተር ተጠቀሙ።

«ጫጫታ የሚያጠፋ ሄድፎን አለኝ፤ እሱ ያጠፋዋል»

ያ ሄድፎን የሚያጠፋው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ጫጫታ ነው። ማይክሮፎኑ የውጭውን ድምፅ ይሰማል፣ ተቃራኒውን ይፈጥራል። በሽቦው ከሬዲዮው የመጣው ሿሿታ ለእሱ ልክ እንደ ንግግሩ የሚፈለግ ድምፅ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል እንዲያውም ሿሿታው ጎልቶ ይወጣል። ስትልኩ ደግሞ የሬዲዮ ሞገዱ ወደ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ሊገባበት ይችላል።

«ፌራይት በሽቦው ላይ ብጠቀልል ይቀንሳል»

ፌራይት በሽቦ ላይ የሚደረግ የማግኔት ቀለበት ነው፤ የሚያግደው በሜጋ ሄርዝ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ነው። 5 ኪሎ ሄርዝ ላይ ያለ ሿሿታ ሳያየው ያልፋል። ፌራይት ቦታው ሌላ ነው፦ ስትልኩ በሄድፎኑ ውስጥ የሚንተባተብ ድምፅ ሲመጣ፣ ወይም የስልክ ቻርጀር፣ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የሶላር መቆጣጠሪያ ወይም ኢንቨርተር ረብሻውን በገመድ ሲያስተላልፍ። ያ ረብሻ ሽሽሽ ብቻ አይልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝዝዝ ይላል፣ ያፏጫል። መብራት ሲጠፋ ወይም ቻርጀሩ ሲነቀል አብሮ ከጠፋ አገኛችሁት።

«የረብሻ መቀነሻውን ቁልፍ እስከ ጥግ ማዞር ነው»

የዲ ኤስ ፒ (ድምፁን በዲጂታል ስሌት የሚያጣራው ክፍል) ረብሻ መቀነሻ ጥሩ ነገር ነው፤ በልክ ሲሆን። ሲበዛ ንግግሩ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል፣ ደካማው ጣቢያም ከረብሻው ጋር ይጠረጋል። ከዲ ኤስ ፒው በኋላ በመጨረሻው አምፕሊፋየር የሚፈጠረውን ደግሞ ሊነካው አይችልም።

«ደካማ ጣቢያ ለመስማት ፕሪአምፑን ማብራት ግድ ነው»

ፕሪአምፕ ከአንቴናው የገባውን ሞገድ ቀድሞ የሚያጎላው ክፍል ነው፤ በ10 ሜትር ባንድ እና ከዚያ ባጠረ ሞገድ ሊረዳ ይችላል። በ40 እና በ80 ሜትር ግን አንቴናችሁ በጣም ትንሽ ካልሆነ በቀር ጣቢያውንም ረብሻውንም እኩል ነው የሚያጎላው። አጥፉት። ቀጥሎ የሬዲዮ ሞገዱን የማጉላት መጠን የሚወስነውን ቁልፍ፣ አር ኤፍ ጌይኑን፣ ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉ። ሰውዬው ትንፋሽ ሲወስድ በየቃሉ መሃል እያበጠ የሚወጣው ረብሻ የኤ ጂ ሲ (ጌይኑን በራሱ የሚቆጣጠረው ክፍል) ሥራ ነው፤ ድምፅ ሲጠፋ ጌይኑን ወደ ላይ ይስባልና። አር ኤፍ ጌይኑ ሲወርድ ያ እብጠት ይረግባል፣ ንግግሩም ከረብሻው በላይ ብቻውን ይቀራል። ቮልዩሙን ማስተካከል ያለባችሁ ከዚያ በኋላ ነው።