በሰው መድረክ ላይ የሚሸጥ የወር ክፍያ ሶፍትዌር፦ ከጅማ ሲታይ

ቴሌግራም ላይ ቦት (መልእክት ሲላክለት ራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ወይም ፕሌይ ስቶር ላይ አፕ ሠርቶ ለሱቅ፣ ለፋርማሲ ወይም ለቡና አቅራቢ በወር ክፍያ ማቅረብ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ችግሩ መድረኩ የሌላ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ደንቡን ሲቀይር ተከራዩን አያማክርም።

ጅማ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው አታጣም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በታህሳስ 1992 ዓ.ም. የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ነው። ዛሬ ኮድ የሚጽፈው ወጣት የሚወጣው ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ነው፤ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢን የረገጠ ያውቀዋል። ተመርቆ አዲስ አበባ የሚገባው ይበዛል ይባላል። እዚሁ የሚቀረውም ግን ቀላል አይደለም።

በውጭው ዓለም ትዊተር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ትዊትቦትን የመሳሰሉ፣ ሌሎች የሠሯቸው የትዊተር ማንበቢያ አፖችን በድንገት ዘጋ። በዚያው ዓመት ሬዲት የተባለው የውይይት መድረክ ኤፒአዩን (የሌሎች አፖች ይዘቱን የሚያገኙበትን መንገድ) በክፍያ ሲያደርግ አፖሎ የተባለው የሬዲት ማንበቢያ አፕ ሥራ አቆመ። ሁለቱም ከፋይ ደንበኞች ነበሯቸው።

እኛ ዘንድ ዋናው መድረክ ቴሌግራም ነው። የቦት አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ነው። ቦት መፍጠር የደቂቃ ሥራ ነው፦ ቦትፋዘር (ቦት የሚመዘገብበት የቴሌግራም ቦት) ጋር ገብቶ ስም መስጠት፣ ቶክን (የቦቱን ምስጢር ቁልፍ) መቀበል፣ ኮዱን ሰርቨር (ሁልጊዜ የሚሠራ ኮምፒውተር) ላይ መጫን። ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ሌላ ነገር ነው። ቦት ሰውን ቀድሞ ማናገር አይችልም፤ ደንበኛው «ስታርት»ን መንካት አለበት። ስልክ ቁጥሩንም ወዶ ካልላከ ቦቱ አያየውም። ስለዚህ ቦቱ ቢታገድ፣ አዲስ ከፍቶ የድሮ ደንበኞችን መጥራት አይቻልም። መለያ ቁጥራቸው በእጅ ቢኖርም አይጠቅምም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው በመጀመሪያው ቀን ስልክ ቁጥር መጠየቅና የደንበኛውን መዝገብ በራስ ዳታቤዝ መያዝ ነው።

ስጋቱ የወሬ አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጧል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ሂሳቡን በቦት ለሚሠራ ነጋዴ አምስት ወር ረጅም ነው። ስልክ ቁጥሩን የያዘ ሻጭ ግን በኤስኤምኤስ አሳውቆ ሥራውን በድረ ገጽ ይቀጥላል።

ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ከመጡ ወዲህ ብር መቀበል ቀሏል። በየወሩ ራሱ የሚቆርጥ አሠራር ግን በትንሽ ሻጭ እጅ እምብዛም የለም። ደንበኛው ይከፍላል፣ ስክሪንሾት ይልካል፣ ሻጩ ያያል። ስክሪንሾት ደግሞ ይፎረጃል። ስለዚህ የግብይት ቁጥሩን ስልክ ላይ ከገባው ሜሴጅ ጋር ማመሳከር ግድ ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ በውስጡ የሚሸጥ ዲጂታል አገልግሎት በራሱ መክፈያ በ«ስታርስ» እንዲከፈል ይፈልጋል። ከመድረኩ ውጭ ተዋውሎ በቴሌብር መቀበል ያስኬዳል አያስኬድም የሚለው ያከራክራል። ፕሌይ ስቶር በእሱ በኩል ከሚከፈል ሰብስክሪፕሽን (የወር ክፍያ) 15 በመቶ ይወስዳል።

በዶላር የሚከፈል ሰርቨርም አለ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ሂሳቡ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዋጋን ሲተምኑ ይህን የዘነጉ ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

አፋን ኦሮሞ የሌለው ሶፍትዌር ይዞ ሄርማታ ገበያ መግባት ደግሞ ድካም ብቻ ነው። ሌላው የጅማ ጉዳይ ወቅት ነው። ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ነው፤ ብሩም ያኔ ይገባል። ለቡና አቅራቢ ሰኔ ላይ «የወሩ ክፍያዎ ደርሷል» የሚል መልእክት መላክ ደንበኛ ማባረር ነው። ከእሱ የዓመቱን በአንድ ጊዜ፣ በቅናሽ፣ ታህሳስ ላይ መቀበል ይሻላል። ለፋርማሲና ለሱቅ ወርሃዊው ይሠራል።